የፑማዋ ውርንጭላ

አንድ አህያ ከመታረድ ያዳንኩት በሰባት ዓመቴ ነው። እርግጥ ሊያርደው ያሰበ ሰው አልነበረም። ይህን ግን ያን ጊዜ ማን ነግሮኝ!

እናትና አባቴ ሳኦ ፓውሎ ፋብሪካ ውስጥ ስለሚሠሩ ያሳደጉኝ አያቶቼ ናቸው፤ አባባና እማማ እላቸዋለሁ። አገር የሚያውቃቸው ቫልዶሚሮና ኤውላሊያ በሚለው ስማቸው ነው። አባባ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖረ። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ላም ይገዛል፣ ቀፎ ይሰቅላል፤ አባባ ፑማ ገዛ። ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው ቢጫ የእሽቅድምድም መኪና ናት። ያኔም አሮጌ ነበረች። ስሟ የዱር ድመት ስም ነው፤ አፍንጫዋም ላይ የድመቷ ምስል አለ። እማማ መኪናዋ የመጣች ዕለት ዙሪያዋን ዞራ አየቻትና፣ «ይቺ እንደ ጫማ የምትጠለቅ ናት ወይስ የሚገባባት?» አለች ይባላል።

ጠቡ የተነሳው በቅዱስ ክሪስቶፎሮስ በዓል ነው። የሹፌሮች ጠባቂ ስለሆነ በየዓመቱ፣ በሐምሌ ብርድ፣ ከተማው ውስጥ ጎማ ያለው ነገር ሁሉ፣ ከጭነት መኪናው እስከ አይስክሬም ጋሪው፣ ተሰልፎ ቄሱ ጠበል ይረጩታል። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ የቅዱሱን ምስል ይዞ ሰልፉን የመምራት ክብር ለአባባ ደረሰው። ከጄሶ የተሠራውን ቅዱስ በሁለቱ ወንበሮች መሀል አቆመው። እማማ አዲሱን ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ባለ አበባ ባርኔጣዋን ደፍታ ከጎኑ ተቀመጠች። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ፍሬኑ እምቢ አለ።

ፑማዋ ለበዓሉ የሚጫወተውን ማርሽ ባንድ ወዲያና ወዲህ በትና፣ ውሻ አባርራ፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ የፊሎሜና የጣፋጭ ድንኳን ውስጥ ገብታ ቆመች። ማንም አልተጎዳም። ነገር ግን ወተትና ስኳር እስኪወፍር የተቀቀለበት ትልቅ ድስት ተገለበጠና እማማን ከባርኔጣዋ እስከ ጫማዋ ለቀለቃት። ፊሎሜና ደግሞ እማማ ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይኗን ማየት የማትወዳት ሴት ናት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ውይ ኤውላሊያ፣ ዛሬስ ጣፈጥሽ!» አለቻት። ከተማው ይህን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ አባባን ማናገር ተወች። መኝታ ቤቱን ዘጋችበት፤ እሱም ሳሎን ሶፋ ላይ ማደር ጀመረ። እኔ በሁለቱ መሀል መልእክተኛ ሆንኩ።

«ዳልቫ፣ ለአያትሽ ምሳ ደርሷል በይው» ትላለች። አባባ አፍንጫዋ ሥር ተቀምጧል።

«አባባ፣ ምሳ ደርሷል።»

«እግዜር ይስጥልኝ በያት።»

«እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሏል።»

«ቦሎቄው ጨው ካነሰው ጨው ጠረጴዛው ላይ አለ በይው።»

ሥራው ደስ ይለኝ ነበር። አንዳንዴ የራሴንም እጨምርበት ነበር። «እማማ ለዳልቫ ከረሜላ ግዛላት ብላለች» ብዬ ስንቱን ከረሜላ በላሁ።

የተጣሉት በቀሚሱ ነው ብዬ አምን ነበር። ቀሚሱ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደ ቆሸሸ ተሰቅሏል፤ እማማ አላጠበችውም፣ አልጣለችውም። እኔም አንድ ቀን ቀሚሱ ነጽቶ ቢታይ ይታረቃሉ ብዬ በጥርስ ሳሙና ፈተግኩት። ሰማያዊው ነጭ ሆነ፤ ቡኒው እድፍ ግን እዚያው ቀረ። እማማ ስታየው አልተቆጣችኝም። አጥሩ ላይ ተደግፋ ለጎረቤት ሴትዮ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦

«ሁለት እጅ አለው። ሁለቱንም ለቅዱሱ ሰጠ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አሉ፣ እውነታቸውን ነው።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር እኔ የያዝኩት አህያ የምትለዋን ብቻ ነው። እንግዲህ ነገሩ ውስጥ አህያ አለበት አልኩ።

በዓመቱ ሐምሌ ሲመጣ እማማ ትልቁን ሻንጣ ከቁም ሳጥን ላይ አወረደች። እህቷ እትዬ ኦሊምፒያ፣ ጁዊስ ዲ ፎራ ከተማ ባለው ቤቷ ውስጥ አንድ ክፍል አጽድታ እየጠበቀቻት ነበር።

«ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ» አለችኝ።

«ለጥየቃ?»

«ለጥየቃ።»

«መቼ ትመለሻለሽ?»

ቀሚስ ማጠፉን ቀጠለች። «እስክመለስ ከአያትሽ ጋር ትሆኛለሽ።»

«ማን ያበስልልናል?»

«ቅዱሱ ያብስልላችኋ!» አለችና የሻንጣውን ክዳን ላዩ ላይ ተቀምጣ ዘጋችው።

ሻንጣው ውስጥ የከተተችው የሠርጓን አልጋ ልብስ ነበር፤ እናቷ በእጇ የሠራችላትን፣ ባለ ጥልፉን። ለጥየቃ የሚሄድ ሰው የሠርግ አልጋ ልብሱን እንደማይጭን ዛሬ አውቃለሁ። አባባ ግን ያኔም ሳያውቅ አልቀረም፤ በበሩ ስንጥቅ አይቶ ያን ቀን እራቱን ሳይነካ ተነሳ። እኔ ያሳሰበኝ ቅዱሱ ምን ዓይነት ምግብ ይሠራ ይሆን የሚለው ነበር።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፑማዋ ማንጎው ዛፍ ሥር በእንጨት ጉማጅ ላይ ተሰቅላ፣ ጎማዎቿ ወልቀው አገኘኋት። ከአደጋው ወዲህ አባባ ነክቷት አያውቅም ነበር። አባባ ሥሯ ተጋድሟል፤ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። አጠገቡ ጋሼ ቤላርሚኖ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል። አባቴን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ስለሆኑ ከአባባ ጋር አበልጅ ናቸው። እኔ የማንጎው ግንድ ላይ ተለጥፌ ሰማሁ።

«ውርንጭላው አብቅቶለታል፣ አበልጄ» አለ አባባ።

«ያለቅሳል?»

«ሲያለቅስ ነው የሚያድረው። ጠዋት ሳየው ሥሩ እርጥብ ነው።»

ጋሼ ቤላርሚኖ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዕድሜም ነው። እንዲህ የሆነ ውርንጭላ አይድንም።»

«ቅዳሜ እከፍተዋለሁ። ከዚያ ንጹሑ እስኪወርድ ድረስ ደሙን ማፍሰስ ነው።»

«ድስቱስ?»

«ድስቱ ደህና ነው። ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌዋለሁ፤ መስታወት መስሏል።»

ግንዱ ላይ ይበልጥ ተለጠፍኩ። ጋሼ ቤላርሚኖ ግን ስለ በግ እንደሚያወሩ ሁሉ ረጋ ብለው፣ «ደሙን በቱቦዋና በጠርሙሷ ነዋ የምታፈሰው?» አሉ።

አባባ ከመኪናው ሥር ወጣ። እማማ በኩሽናው መስኮት በኩል ትታያለች፤ ሳህን እያጠበች ነው። አንዴ መስኮቱን፣ አንዴ አጠገቡ ያለችውን፣ ዘይት የሚያጠራቅምባትን የማርመላታ ጠርሙስ አየ። ጠርሙሷ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ተጠቅልላ ነበር። በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎ ከዶሮዎቹ ቤት ሥር አስገባት።

«ቱቦ የለኝም» አለ። «ዘንድሮ በሰው ነው።»

ጋሼ ቤላርሚኖ የዶሮዎቹን ቤት አዩ፤ የኩሽናውን መስኮት አዩ፤ ጢማቸውን አሻሹ። «አሃ» አሉ። «አዎ፣ በሰው ይሻላል።»

እኔ የገባኝ አህያው ሲታረድ የሚይዝላቸው ሰው እንደፈለጉ ነው።

በሰፈራችን ውርንጭላ አንድ ብቻ ነበር፤ የወተት ሻጩ የጋሽ አናክሌቶ ትንሽ አህያ፣ ሚሞዞ። ግራጫ ነው፣ ጆሮው ከፊቱ ይረዝማል፣ የወተት ጣሳ ተሸክሞ በየጠዋቱ በራችን ላይ ይቆማል። ከእኔ እጅ የሙዝ ልጣጭ ይበላል። ዓይኑ ደግሞ ሁልጊዜ እንባ ያቀረረ ይመስላል። ያለቅሳል ሲሉ ስለ እሱ ካልሆነ ስለ ማን ሊሆን ነው? እማማ ልትሄድ ነው፤ ሰው ሲሄድ ይታረዳል። ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ።

ማታ፣ «እማማ፣ የአህያ ሥጋ ይበላል?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አያትሽ ቢያገኝ ይበላል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ቅዳሜ ጠዋት እማማ ቄሱን ልትሰናበት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። አባባና ጋሼ ቤላርሚኖ ማንጎው ሥር ብረት ያንኳኳሉ። ጋሽ አናክሌቶ ጣሳዎቹን በራችን ላይ አውርደው ጎረቤት ወሬ ሊቃርሙ ገቡ፤ ገቡ ማለት ደግሞ ቶሎ አይወጡም። የሚሞዞን ገመድ ፈታሁ።

የት ልደብቀው? ዶሮ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ጓሮው ውስጥ ገዳዮቹ አሉ። በቤታችን አባባ የማይገባበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የእማማ መኝታ ቤት። የሙዝ ልጣጭ እያሳየሁ በሳሎኑ አሳለፍኩት። ሚሞዞ ጨዋ አህያ ነው፤ በመንገዱ ላይ የሰበረው አንድ የአበባ ማስቀመጫ ብቻ ነበር። በሩን ዘግቼ አንገቱን አቅፌ፣ «አይዞህ፣ እሱ እዚህ አይገባም» አልኩት።

ሚሞዞ ግን የሚበላ ነገር ፈለገ። አልጋው ላይ ለጉዞ የተዘጋጀችውን አዲስ ባለ አበባ ባርኔጣ አገኘ። መጀመሪያ አበባዎቹን በላ፤ ቀጥሎ ባርኔጣውን። ከዚያ ክዳኑ ዳግመኛ አልዘጋ ብሎ ወለሉ ላይ ተከፍቶ ወደቆየው ሻንጣ ዞረና፣ እግሩን ከፈት አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ረጅም ሽንት ሸናበት። አህያ ያን ያህል መሸከም እንደሚችል አላውቅም ነበር።

በሩ የተከፈተው ይህን ጊዜ ነው። እማማ ቆመች። አህያውን አየች፣ ሻንጣውን አየች፣ ከሚሞዞ አፍ የተንጠለጠለውን ጥብጣብ አየች።

«ቫልዶሚሮ! ክፍሌ ውስጥ አህያ አለ!»

ጓሮ ውስጥ ብረት ወደቀ። አንድ ዓመት ሙሉ ያን ስም ከአፏ አውጥታው አታውቅም። አባባ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሮ እየሮጠ መጣ፤ ደፍ ላይ ሲደርስ ግን እግሩን ሰበሰበ።

«ዳልቫ፣ ልግባ ወይ ብለሽ ጠይቂያት።»

«እማማ፣ ልግባ ወይ ይላል። እንዳታስገቢው! ሊያርደው ነው!»

«ምኑን ነው የማርደው?» አለ አባባ።

«ሚሞዞን! አንተና ጋሼ ቤላርሚኖ! ሰምቻለሁ! ደሙን ልታፈሱ ነው፣ ድስቱንም ፈግፍገሃል!» ብዬ እሪ አልኩ።

አባባ ቀስ እያለ ደፉ ላይ ተቀመጠ። ከኪሱ አንድ ዝገት የበላት፣ አውራ ጣቱን የምታህል ብረት አውጥቶ በመዳፉ ዘረጋልኝ።

«ውርንጭላው ይኸውልሽ» አለ። «የፍሬኑን ፔዳል ስትረግጪ ጭነቱን የሚሸከመው ይሄ ነው። ዘይቱ ይገፋዋል፣ እሱ ደግሞ የፍሬኑን ሸራ ይገፋና ከድስቱ ጋር ያጣብቀዋል። ድስት የምንለው ጎማው የሚታሰርበትን ክብ ብረት ነው። ትንሽ ሆኖ ጭነት ስለሚሸከም የአገራችን ሹፌር ሁሉ ውርንጭላ ይለዋል። ሲያረጅ ዘይት ያፈሳል፤ አለቀሰ እንላለን። አየር የገባበትን ዘይት ማውጣት ደግሞ ደም ማፍሰስ።»

«ሚሞዞስ?»

«ሚሞዞማ መጥቶ ወተት ያድርስ እንጂ እኔ ከእሱ ጋር ምን ጠብ አለኝ?»

እማማ ወደ ግድግዳው ዞራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለባርኔጣዋ የምታለቅስ መስሎኝ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ስትስቅ እንደነበር የነገረችኝ ካገባሁ በኋላ ነው።

ከታች ከመንገዱ የጠዋቱ አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ። ቆመ፣ ጠበቀ፣ ሄደ። እማማ ፊቷን አብሳ፣ የሚንጠባጠበውን አልጋ ልብስ ከሻንጣው አወጣች።

«ከሰዓት በኋላ ሌላ አውቶቡስ አለ በይው» አለችና ወደ መታጠቢያው ገንዳ ይዛው ሄደች።

ጋሼ ቤላርሚኖ ሚሞዞን ለባለቤቱ ሊመልሱ ወጡ። ጋሽ አናክሌቶ «አህያዬን ፑማ በላብኝ!» እያሉ በመንገዱ ሲጮኹ ይሰማል። ቀልዳቸውን ይሁን ምራቸውን እንጃ።

አዲሶቹ ውርንጭላዎች ገብተው ነበር። የቀረው አየሩን ማውጣት ነው፤ ለዚያም አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ፔዳሉን ሲረግጥ ሌላው ከጎማው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ብሎን ይከፍታል። አባባ እኔን ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ። እግሬ ከፔዳሉ በስንዝር ቀረ። እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ገንዳው ድረስ እንዲሰማ፣ «አዬ ጉድ! እንግዲህ የሚረግጥ ሰው የለም!» አለ።

እማማ አልጋ ልብሱን እየጨመቀች፣ «ጎረቤት ይጥራ በይው» አለች።

«ጎረቤት ሁሉ ለነገው በዓል መኪናውን እያጠበ ነው በያት።»

«ቤላርሚኖ ሲመለሱ ይርገጡለታ።»

«ቤላርሚኖ ወገባቸውን ያማቸዋል በያት።»

ጋሼ ቤላርሚኖ በዚያ ወገባቸው በዓል በመጣ ቁጥር እስኪነጋ ይጨፍሩ ነበር። እማማ አልጋ ልብሱን ገመዱ ላይ አስጥታ፣ እጇን በሽርጧ አድርቃ መጣች። አንድ ቃል ሳትናገር ፑማዋ ውስጥ ገባች። ቀበቶዋን አሰረች፤ መኪናዋ እንጨት ላይ ተሰቅላለች።

እኔ ከኋላ ጎማው እስከ ሹፌሩ በር እየሮጥኩ መልእክቱን ማመላለስ ጀመርኩ።

«ትርገጥ በያት!»

«እማማ፣ ርገጪ!»

«ረግጫለሁ በይው።»

«ረግጣለች!»

«ትያዝ!»

«እማማ፣ ያዢ!» ስል እሷ እግሯን አንስታለች። አባባ ብሎኑን ከፍቶ ነበርና ፔዳሉ ሲመለስ አየሩ ተመልሶ ገባ። እንደገና ጀመርን። አሁን ደግሞ «ትልቀቅ» የሚለውን ሳደርስ ተደናቀፍኩ። እንደገና። ዘይቱ የአባባን ፊት ረጨው። በመጨረሻ የብሎን መፍቻውን መሬት ላይ ጣለና ከመኪናው ሥር ጮኸ፦

«ኤውላሊያ! ይሄ ነገር መልእክተኛ አይጠብቅም!»



«ታዲያ አፍህን ማን ሰፋው?» አለች እማማ መሪውን እያየች። «እኔ ተናድጄ ዝም አልኩ። አንተስ? እኔ ልጅ ስልክ አንተም መልሰህ ልጅ ትልካለህ? አንድ ቀን እንኳ በሩን አንኳኩተህ ኤውላሊያ ማለት አቅቶህ?»

«ትከፍቺልኝ ነበር?»

«አልከፍትም ነበር! ማንኳኳቱ ግን ይሰማኝ ነበር።»

አባባ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «ርገጪ» አለ ቀስ ብሎ።

«ረገጥኩ።»

«ያዢ።»

«ይዣለሁ።»

«ልቀቂ።»

«ለቀቅኩ።»

እኔ ሥራ ፈታሁ። ግንዱን ተደግፌ ሳዳምጥ ነገሩ እየፈጠነ ሄደ። ርገጪ፣ ረገጥኩ፣ ያዢ፣ ይዣለሁ፣ ልቀቂ፣ ለቀቅኩ። ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው ተሻገሩ። ዘይቱ መጀመሪያ አረፋ እየደፈቀ ወጣ፤ እየቆየ ጠራ። አራተኛው ጎማ ላይ ሲደርሱ አባባ፣ «ያዢ» አለ።

«ይዣለሁ። አንተ ግን አልያዝክም።»

«ምኑን?»

«እኔን ነዋ! ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ መሪውን ለቀቅክ። ሊይዘኝ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አንተ ዞረህ ቅዱሱን አቀፍክ! ጄሶ! የአርባ ዓመት ሚስትህ ድስት ውስጥ ስትገባ ጄሶ አቅፈህ ቁጭ አልክ! እኔ በቀሚስ የተናደድኩ ይመስልሃል?»

እኔ እንኳን እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

  አባባ ሲናገር ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

«ቅዱሱ ይሰበራል ብዬ ነው» አለ። «አንቺ… አንቺ የምትሰበሪ አልመሰልሽኝም፣ ኤውላሊያ። አርባ ዓመት የያዝሽኝ አንቺ ነሽ። የሚይዘኝን ሰው ልያዝ ብዬ አስቤ አላውቅም። ጅል ነኝ። አንድ ዓመት ሶፋው ላይ ስገላበጥ ይሄንኑ ሳስብ ነው የማድረው።»

«እሰበራለሁ» አለች እማማ።

«አወቅኩ።»

«እንደ ሰው እሰበራለሁ።»

«አወቅኩ፣ እመቤቴ። አትሂጂብኝ።» ብሎኑን ሲያጠብቅ ብረቱ ሲጢጥ አለ። «ልቀቂ» አለ።

እማማ አልለቀቀችም።

«ኤውላሊያ፣ አልቋል እኮ። ልቀቂ።»

እግሯ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ነው። የሰማች ስላልመሰለኝ በሩ ድረስ ሮጬ፣ «እማማ፣ ልቀቂ ብሏል!» አልኳት።

«ሰምቻለሁ» አለችኝ። አሁንም አልለቀቀችም። ፔዳሉ የተጣበቀ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ እንኳ አየሁ። ቆይታ ቆይታ እግሯን አነሳች፤ ወርዳም ወደ ኩሽና ገባች፤ ብዙም ሳይቆይ የነጭ ሽንኩርት ሽታ መጣ። የከሰዓቱ አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲነፋ ምሳ እየበላን ነበር። አባባ ማንኪያውን አፉ አጠገብ አድርጎ ደረቀ።

«አልጋ ልብሱ አልደረቀም» አለች እማማ፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ። «ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል።»

በማግስቱ ቅዱሱን የጋሼ ቤላርሚኖ መኪና ላይ ጫኑት። እኔ እማማ ጭን ላይ ተቀመጥኩ፤ እሷም ባርኔጣ ስለሌላት ሻሽ አሰረች። ቁልቁለቱ ጫፍ ስንደርስ አባባ አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ እጇን ያዘ።

«ምን ሆነሃል? ሁለቱንም መሪው ላይ!» ብላ ጮኸችበት፤ እጇን ግን አላወጣችም። ፑማዋ ቁልቁለቱን እንደ ሙሽራ ወረደች። ፊሎሜና ድንኳኗን በፍርሃት ሌላ መንገድ ወስዳ ተክላዋለች።

አባባ ካረፈ ወዲህ ፑማዋ የእኔ ናት። አምና አንዱ ውርንጭላ አለቀሰና እኔው ራሴ ቀየርኩት። ቤት ውስጥ ፔዳል የሚረግጥልኝ አልነበረም። ግራ ሲገባኝ የመለዋወጫ ሻጩን ጠየቅኩት፤ ሳቀብኝ። «እህቴ፣ ቀጭን ቱቦ ብሎኑ ላይ ሰክተሽ ጫፏን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሪያት። የሚመለሰው ዘይት እንጂ አየር አይሆንም። ብቻሽን ረግጠሽ ብቻሽን ትጨርሻለሽ» አለኝ።

ጠርሙስ ፍለጋ ኩሽና ገብቼ የማርመላታ ጠርሙስ አነሳሁ። ከዶሮዎቹ ቤት ሥር የገባችው ጠርሙስ ትዝ አለችኝ።

እማማ ዘጠና ዓመት አልፏታል፤ ጆሮዋ ግን እሷ የፈለገችውን ሁሉ ይሰማል። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ አባባ እኮ ያን ቀን ሰው አያስፈልገውም ነበር። ብቻውን ይችል ነበር!»

«ታዲያስ!» አለች። «ዕድሜውን ሙሉ በጭነት መኪና ሲዞር መልአክ ነው ፔዳሉን የሚረግጥለት?»

«ታውቂ ነበር?»

«ያን ጠዋት እንቁላል ስለቅም ጠርሙሴን ከዶሮዎቹ ሥር አገኘኋት፤ ከነቱቦዋ። የማርመላታ ጠርሙሷ የት እንደገባ የማታውቅ ሴት አለች?»

«ታዲያ አውቀሽ ገባሽ?»

«ሰውየው መጥራት አይችልበትም። ሲጠራ በዘጠኝ መንገድ ዞሮ ነው። መጥራቱን ካወቅኩ ምን ግትር ያደርገኛል?»

አንድ ነገር ግን ቀርቶኝ ነበር። «መጨረሻ ላይ ልቀቂ ሲልሽ ለምን አልለቀቅሽም? ፔዳሉ የተጣበቀ መስሎኝ ነበር።»

እማማ በብርድ ልብሱ ሥር ቀኝ እግሯን ዘረጋች፤ የማይታይ ፔዳል ላይ እንዳሳረፈችው ሁሉ ጫን አደረገችው።

«ዓመቱን ሙሉ ልልቀቀው ብዬ ታግዬ ታግዬ ያቃተኝን ሰው» አለች፣ «እግሬ በአንድ ቃል ይለቀዋል?»